ብዕርና ምጣድ በአንድ ጣራ ሥር

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል ያገራችን ሰው ሲተርት። ተረቱ እውነት ነው። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ከተማ መብራታቸው ከጎረቤት ሁሉ ዘግይቶ ከሚጠፋው ቤቶች አንዱን አንኳኩተው ቢገቡ፣ ሁለቱን ዛፍ ባንድ ጊዜ ለመውጣት የሚታገል ሰው ሊያገኙ ይችላሉ። በጠረጴዛው በአንደኛው ጫፍ የሚተረጎም ጽሑፍ ተዘርግቷል፤ በሌላው ጫፍ ያልተነሣ የእራት ሳህን አለ፤ ከጀርባ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ያለው ልጅ ያለቅሳል። ይህ ሰው ወይም ይህች ሴት የማንም ቅጥረኛ አይደሉም። ሥራው በመጣ ቁጥር በቃል ተቆጥሮ ወይም በገጽ ተተምኖ የሚከፈላቸው ተርጓሚዎች ናቸው።

ምናልባት እርስዎም ከነዚህ አንዱ ነዎት፤ ወይም ለመሆን አስበዋል። የጀማሪ ጸሐፊ ደመወዝ ወር ሳይሞላ እንደሚያልቅ ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ቋንቋ የተማረ ሰው በቋንቋው ጥቂት ብር ቢያገኝበት ደግሞ የሚነቅፈው የለም። ሥራውም አልጠፋም። ለውጭ አገር ትምህርት የሚያመለክት ተማሪ የልደት ምስክር ወረቀቱንና የትምህርት ማስረጃውን ያስተረጉማል። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ ብዙ የወሎ ልጆች አሉና፣ የዐረብኛ ውል አንብቦ በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው ይፈለጋል። በኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የማሽን አጠቃቀም መመሪያና የአደጋ መከላከያ ማስታወቂያም የሚተረጎም ነገር ሆኗል። ከሁሉ ይልቅ የወጣቱን ልብ የሚስበው ግን በኢንተርኔት ከሩቅ አገር የሚመጣውና በዶላር የሚከፈለው ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ይህ ፍላጎት ቢጨምር አያስገርምም።

ይሁን እንጂ ብዙዎች ይህን ሥራ ሲጀምሩ «በትርፍ ጊዜዬ እሠራዋለሁ» ይላሉ። እኛም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ባለ ትዳርና ባለ ልጅ በሆነ ሰው ቤት ትርፍ ጊዜ የሚባለው ነገር የማን ነው?

ትርጉም ለወሎ እንግዳ ሥራ አይደለም። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያኽል ርቆ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መነኮሳት ለብዙ መቶ ዓመታት መጽሐፍ ሲጽፉና ሲገለብጡ ኖረዋል። ከኮምቦልቻ ብዙም በማይርቀው በጌታ ደግሞ ደረሳዎች የዐረብኛውን ኪታብ በሼኹ ፊት እያነበቡ ፍቺውን በአገራቸው ቋንቋ ሲቀበሉ ኖረዋል። በ1961 ዓ.ም. ቅዱስ ቁርኣን በአማርኛ ታትሞ ሲወጣ የትርጉሙን ከባድ ሥራ የተሸከሙት ሼኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ነበሩ። በዋግ የተወለዱት አቶ ማሞ ውድነህም በጋዜጠኝነት ሥራቸው ላይ እየደረቡ የባዕድ አገር የስለላ መጻሕፍትን ወደ አማርኛ ሲመልሱ ኖረዋል። እንግዲህ ቋንቋ መመለስ ያገሩ ሙያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ሰዓት አያያዝ የሚያስተምረንን ታሪክ የምናገኘው ግን በካይሮ ነው። ከ200 ዓመት በፊት አባ አብርሃም የሚባሉ፣ ፈረንጆች አቡ ሩሚ እያሉ የሚጠሯቸው፣ ብዙ አገር የዞሩ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ በካይሮ ይኖሩ ነበር። በዚያው ከተማ በፈረንሳይ ቆንስላ ይሠራ የነበረው አስለን ደ ሸርቪል መጽሐፍ ቅዱስን ከዐረብኛ ወደ አማርኛ እንዲመልሱለት ጠየቃቸው። ፈረንሳዊው የመንግሥቱ ሥራ ነበረበት፤ ሽማግሌውም የጤናቸው ነገር የማያስተማምን ሰው ነበሩ። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ለዚህ ሥራ ብቻ ለዩ። በነዚያ ቀናት በሩ ለማንም እንግዳ አይከፈትም ነበር። አንዱን ቃል በቀስታ ያነባሉ፤ ከባዱን ከዕብራይስጡና ከሱርስቱ እያስተያየ ፈረንሳዊው ያብራራል፤ አባ አብርሃም በአማርኛ ይጽፋሉ፤ አንድ መጽሐፍ ሲያልቅ ወደ ሚቀጥለው ሳይሻገሩ እንደገና ያመሳክሩታል። እንዲህ እያሉ 10 ዓመት ሠሩ። ከ9,500 ገጽ በላይ ጻፉ። የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1820 ገዝቶ አሳተመው፤ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 እ.ኤ.አ. ወጣ።

አንባቢ ሆይ፣ ልብ ይበሉ። እነዚህ ሰዎች በየቀኑ አልሠሩም፤ ሌሊቱንም ሁሉ አልነጉም። ሁለት ቀን ለዩ፤ ያንን ሁለት ቀን ግን ቤቱም ጎረቤቱም ያውቀው ነበር። በነዚያ ቀናት ምሳ ያቀረበላቸው ሰው ግን መኖሩ አይቀርም፤ እኛም አሁን የምንመለሰው ወደዚህ ሰው ነው።

እንበልና እርስዎ ደሴ ይኖራሉ፤ መሥሪያ ቤትዎ ኮምቦልቻ ነው። ጧት የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ ወርደው ማታ ይመለሳሉ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያኽል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ከ2,500 ሜትር ከፍታ ወደ 1,850 ሜትር ወርዶ እንደገና መውጣት ነውና ጊዜም ጉልበትም ይበላል። ቤት ሲገቡ 12 ሰዓት ይሆናል። እራት በልተው፣ ልጅ ካስጠኑ በኋላ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ለትርጉም ይተርፍዎታል እንበል።

ሒሳቡን አብረን እናድርግ። የሠለጠነ ተርጓሚ ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር ሳይነካ ከ2,000 እስከ 2,500 ቃል ቢጨርስ ደኅና ሠራ ይባላል። በሁለት ሰዓት እንግዲህ 500፣ ቢበዛ 600 ቃል ነው፤ ያውም ሰውየው ካልደከመው። 6,000 ቃል ያለው ጽሑፍ ከ10 እስከ 12 ማታ ይፈጃል፤ ማረሙ አልተቆጠረም። አሠሪው «በአምስት ቀን ላክልኝ» ቢል፣ «እሺ» ብሎ የሚመልስ ሰው ቀሪውን ሰባት ማታ ከሌላ ሰው ሊበደር ነው። ከማን? አብዛኛውን ጊዜ ከሚስቱ ነው። ሚስት ከሌለችው ከእኅቱ፤ እኅት ከሌለችው ከገጠር መጥታ እየተማረች ቤት ከምታግዘው ዘመድ ነው። ይህች ልጅ ሳህኑን አጥባ፣ ሕፃኑን አስተኝታ ደብተሯን ስትገልጥ መብራቱ ሊጠፋ ይችላል። የእርስዎ 600 ቃል የተከፈለው በእርሷ የሒሳብ ትምህርት እንደሆነ ማንም ደረሰኝ አይጽፍም።

ተርጓሚዋ ሴት የሆነች እንደሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ባል በሩን ዘግቶ ሲሠራ «ዝም በሉ፣ አባታችሁ ሥራ ይዟል» ተብሎ ልጆች ይገሠጻሉ። ሚስት በሩን ዘግታ ስትሠራ ግን በሩ ይንኳኳል፤ «ጨው የት ነው?» ይባላል። ቤት ውስጥ ተቀምጦ በኮምፒዩተር መሥራት ለብዙ ሰው ሥራ መስሎ አይታየውም። ጎረቤትም «መቼም ቤት ነሽ» እያለች ልጇን ታስጠብቃታለች። ይህን የምንለው ለማማረር አይደለም፤ የሥራው ዋጋ ሲተመን ሊገባ የሚገባው ሒሳብ ስለሆነ ነው።

የእንጀራውን ነገር እንመልከት። ብዙ ቤት በሳምንት ሁለት ቀን ይጋገራል። ሊጡ ተቦክቶ እርሾው እስኪሠራ ድረስ ይጠብቃል፤ ደሴ ብርዳም ስለሆነች ከኮምቦልቻ ይልቅ ይቆያል። ከዚያም አብሲት ይጣላል፤ ኩፍ እስኪልም ይጠበቃል። ኩፍ ካለ በኋላ ግን የሚጠብቅ ሊጥ የለም፤ ምጣዱ ከጋለ በኋላም እንጀራው ዓይን አውጥቶ እስኪበስል ድረስ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። የቤት ሥራ ሁሉ እንዲሁ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚጠብቅና የማይጠብቅ። ባቄላ እሳት ላይ ይጠብቃል፤ የሚያለቅስ ልጅ አይጠብቅም።

ትርጉምም በበኩሉ አንድ ወጥ ሥራ አይደለም። ጽሑፉን አስቀድሞ ማንበብ፣ የማይታወቀውን ቃል ለይቶ በወረቀት ላይ ማውጣት፣ መዝገበ ቃላት ማገላበጥ፣ ይህ ሁሉ ቢቋረጥ የሚቀጥል ሥራ ነው። ሊጥ የሚጠብቅ ሰው ይህን ማድረግ ይችላል፤ ወረፋ ይዞ ውኃ የሚጠብቅም እንዲሁ። ዓረፍተ ነገሩን ከአንዱ ቋንቋ አንሥቶ በሌላው ላይ ማሳረፍ ግን እንደ ምጣዱ ነው፤ መሐል ላይ «እማዬ!» የተባለ እንደሆነ ይቃጠላል፤ ተመልሰው ሲመጡ ከመጀመሪያው መጀመር አለ። ሦስተኛው ክፍል፣ ማረሙ፣ በደከመ ዓይን የሚሠራ አይደለም። ማታ የጻፉትን ማታውኑ ያረሙ ሰዎች ስሕተታቸውን አያዩትም፤ ጧት ከሥራ በፊት ግማሽ ሰዓት ማታ ካለው አንድ ሰዓት ይሻላል። ስለዚህ የሚዘጋው በር ለመካከለኛው ክፍል ይሁን፤ እርሱም በሳምንት ሦስት ማታ ቢሆን ይበቃል። የቀረውን ከቤቱ ጋር እየኖሩ መሥራት ይቻላል።

ታዲያ በሩ የሚዘጋበት ሰዓት ከቤተ ሰብ ጋር ተነጋግረው የሚወስኑት እንጂ የሚያውጁት አይደለም። «ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከ3 እስከ 5 እኔ እሠራለሁ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ሳህኑም ልጁም የኔ ነው፤ አንቺ አጥኚ» ብሎ ለእኅት ወይም ለባለቤት መናገር ለአንዳንድ ወንድ ያሳፍረው ይሆናል። ቢያሳፍረውም ይናገረው። ገንዘቡም ሲመጣ ከገንዘቡ ላይ አስቀድሞ የሚነሣ አንድ ነገር ይኑር፤ የልብስ አጣቢ ዋጋ ወይም የልጅቱ ደብተርና የማታ ትምህርት ክፍያ። ሰዓቱን ያበደረ ሰው ሲከፈለው ቤቱም በሩ ሲዘጋ አያጉረመርምም።

ጎረቤትና ማኅበርስ? በወሎ ቅሬ የሚባለውን ያልቻለ ሰው ተርጓሚ ሆኖ ይኖራል ማለት ዘበት ነው። ሞት ሰዓት አይመርጥም፤ ቀብር የቀረም ሰው ትዝብቱ ከቅጣቱ ይበልጥበታል። ስለዚህ ቀን ሲቆርጡ ሁልጊዜ አንድ የለቅሶ ቀን ጨምረው ይቁረጡ። ቡና ሲጠሩዎት ደግሞ «ሥራ አለብኝ» ብለው አይቅሩ። ከአቦል እስከ በረካ መቀመጥ ካልቻሉ ለአቦሉ ይድረሱና ተመርቀው ይነሡ፤ ወይም እርስዎ ራስዎ በማይሠሩበት ቀን ጠርተው ያጠጡ። ያለ ዱአው የሚሄድ ሥራ የለም ይሉ የለም እንዴ እናቶች!

የሰዓት ነገር ከተነሣ ከባሕር ማዶ አሠሪ ጋር የሚሠራ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አለ። በኒውዮርክ መሥሪያ ቤት የሚከፈትበት ጧት በእኛ ከቀኑ 10 ወይም፣ በእነርሱ የብርድ ወራት፣ 11 ሰዓት ነው። እንግዲህ የአሜሪካ አሠሪ ጥያቄውን የሚልከው ልጆች ከትምህርት ቤት በሚመለሱበትና ምድጃ በሚነድበት ሰዓት ነው። አስቀድመው «መልስ የምሰጠው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው» ብለው ይጻፉለት፤ ቁርጥ ሰዓት ያለው ሰው ይከበራል። ደግሞም «ዓርብ 6 ሰዓት» ሲሉ በእነርሱ አቆጣጠር 6 በእኛ 12 መሆኑን አይርሱ። ለዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ሲተረጎም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ያለው ልደት 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ያለው 8 ዓመት ይጨመርበታል። በእንቅልፍ ልብ 7ቱን 8 ያደረገ ሰው አንድ ተማሪ ከፓስፖርቱ ጋር የማይስማማ ወረቀት ይዞ እንዲንከራተት ያደርገዋል። ስምም ቢሆን በፓስፖርቱ ላይ በተጻፈበት ፊደል እንጂ በራስዎ ምርጫ አይጻፍ።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር ብቻ እንናገር። ክፍያው የሚቆጠረው በየትኛው ቋንቋ ቃል ነው? አማርኛ ቁጥብ ቋንቋ ነው። «ስላልነገርኳቸው» የሚለው አንድ ቃላችን በእንግሊዝኛ ስድስት ቃል ይፈጃል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተርጉሞ በአማርኛው ቃል ቁጥር የተስማማ ሰው ሳያውቀው ብዙ ገንዘብ ጥሏል። ስምምነቱ በመነሻው ጽሑፍ ቃል ይሁን፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊትም በጽሑፍ ይሁን። በመሥሪያ ቤት ሰዓትና በመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር የተሠራው ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ነውና፣ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ሁለቱን እንዳያደባልቅ።

መብራትና ኢንተርኔት ከኛ ሥልጣን በላይ ናቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎ ዋት ተኩል ያኽል ይስባል፤ ጠፍቶ የቆየ መብራት ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ይጥዳል፤ ብዙ ጊዜም ተመልሶ ይጠፋል። ስለዚህ መብራት እንደመጣ አስቀድሞ ባትሪው ይሞላ፣ እንጀራው ቀጥሎ ይምጣ። በትልቁ የተፈተነው ግን ከዚህ በላይ ነበር። ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰባቸው ጊዜ፣ ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ቀን ድረስ፣ የትርጉም ቀነ ገደብ ቀርቶ ቤትም ቀርቶ ብዙ ሕዝብ ተሰድዷል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ከሩቅ አሠሪ ጋር ብቻ የተሳሰረ ተርጓሚ ገበያው ባንድ ቀን ሊዘጋበት ይችል ነበር፤ በእጁ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ያገር ደንበኛ ያለው ግን ጥቂትም ቢሆን የሚሠራው አያጣም። ሁለቱን ዓይነት ደንበኛ መያዝ የሚሻለው ለዚህ ነው።

እንዲህ ባለ ችግር የሠሩት የኛ ሰዎች ብቻ አይደሉም። እንግሊዛዊቷ ኮንስታንስ ጋርኔት ሩሲያኛ መማር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1891 ልጇን አርግዛ ቤት በተቀመጠችበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ቶልስቶይን፣ ዶስቶየቭስኪን፣ ቱርጌኔቭንና ቼኾቭን እየተረጎመች 70 ያኽል መጻሕፍት አወጣች። ዋጋውንም በዓይኗ ከፈለች። «ጦርነትና ሰላም»ን ስትተረጉም ብርሃኗ ክፉኛ ስለደከመ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው እያነበበላት እርሷ በቃል እያስጻፈች ትሠራ ነበር። በአገራችን ደግሞ ገጣሚውና ጋዜጠኛው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስረው ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ረጅም ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እየጻፉ ተርጉመውታል፤ በኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። እስር ቤትን በጸጥታው የሚያሞግስ ጤነኛ ሰው የለም። ነገር ግን ወረቀት ያላጣን እኛ «ጊዜ የለኝም» ስንል የርሳቸው የሲጋራ ወረቀት ትዝ ቢለን ጥሩ ነው።

አንዳንዱ አንባቢ «ዛሬ ማሽኑ ይተረጉመው የለም ወይ?» ይል ይሆናል። የጉግል መተርጎሚያ አማርኛን የጨመረው በየካቲት 2008 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያም ወዲህ ማሽኖቹ እየተሻሻሉ ሄደዋል። ብዙ አሠሪም አሁን «ማሽኑ የተረጎመውን አርምልኝ» እያለ በአነስተኛ ዋጋ ይሰጣል። መቀበሉ ኃጢአት አይደለም፤ ግን ከመስማማትዎ በፊት አንድ ገጽ ያርሙና ሰዓቱን ይቁጠሩት፤ አንዳንዱን ከማረም እንደ አዲስ መተርጎም ይፈጥናል። ማሽኑ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ቤት ውስጥ በሚታወቅ ነገር ነው። በእንግሊዝኛ አንድ የሆነው መጠሪያ በእኛ አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ፣ እርስዎ ይሆናል፤ በወሎ ደግሞ ለትልቅ ሰው አንቱ አለ። ለነፍሰ ጡር የተጻፈ የጤና ምክር «አንተ» ብሎ ከጀመረ፣ ምክሩ ምንም ጥሩ ቢሆን ማን ያነበዋል?

ለዚህ ደግሞ የተዘጋውን በር ከፍቶ መውጣት ያስፈልጋል። የተረጎሙትን ጽሑፍ ይዘው ቡና ከሚፈላበት ይቀመጡና ለእናትዎ ወይም ለአክስትዎ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። ፊደል ባይቆጥሩም ጆሯቸው አይሳሳትም። «እንዲህ ተብሎ አይነገርም» ያሉትን ቦታ በእርሳስ ያስምሩበት፤ «ምን ማለቱ ነው?» ብለው የጠየቁትን ቦታ ደግሞ እንደገና ይጻፉት፤ አልገባቸውም ማለት አልተተረጎመም ማለት ነውና። ልጅዎም አጠገብ ተቀምጦ ይስማ፤ አባቱ ወይም እናቱ በሩን ዘግተው ሲሠሩ የሚያመሹት ነገር ምን እንደሆነ ይወቀው። ከዚያ በኋላ በረካው ሳይቀዳ፣ መብራቱም ሳይጠፋ ይላኩት።